ለመጠየቅም ካርድ ይወጣል

ሰዓት ሠሪው ጎረቤቴ በሰፈሩ የሚታወቀው ሰከንድ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ማንም ይጥራው ማን የሚኮሳተረው በኔ ላይ ነው። የኔን የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ከሱ ሱቅ የሚለየው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እሱ ሲያስነጥስ እኔ በዚህ በኩል «ይማርህ» እያልኩ፣ የኔ ማሽን ወረቀት ሲነክስ ደግሞ እሱ በዚያ በኩል እየሳቀ ኖረናል።

ልክ ያልሆነ ነገር ያመዋል። አንድ ጊዜ ባንክ ገብቶ የግድግዳው ሰዓት ሁለት ደቂቃ ወደኋላ መቅረቱን አየ። ወንበር አስመጥቶ፣ ወንበሩ ላይ ወጥቶ፣ ሰዓቱን አስተካክሎ ሠራተኞቹን መክሮ ሲመለስ ሊያስገባው የሄደው ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ነበር። ሚስት ለምን እንዳላገባ ስጠይቀው «ሰዓቱ አልደረሰም» ይለኛል። እኩዮች ነን፣ ሃምሳ ስምንት ዓመታችን ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ተሳሳተ ቢሉኝ ባላይ ኖሮ አላምንም ነበር። የማወጋው ስለዚያ ስሕተት ነው። የኔም እጅ አለበት፤ እሱንም አልደብቅም።

ሰከንድ የሚኖረው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እሳቸውን እሱም፣ እኔም፣ ሰፈሩም እትዬ ነው የምንላቸው። እናታቸው ስትሞት እትዬ ሃያ ዓመታቸው፣ እሱ ሰባት ዓመቱ ነበር። እትዬ በአንድ ሆስፒታል የስፌት ክፍል ሠላሳ ሰባት ዓመት አንሶላና ጋውን ሰፉ። በዚያ ደመወዝ አሳደጉት፣ አስተማሩት፣ ሙያ አስያዙት። በመጨረሻ ዓይናቸው በግላኮማ እየደከመ ሲሄድ ጡረታ ወጡ። አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ከዚያ በላይ የለም።

የስፌት ክፍሉን ቁልፍ ያስረከቡ ዕለት ከደረጃው ሥር እፍኝ የማትሞላ የውሻ ግልገል አግኝተው በሹራባቸው ጠቅልለው መጡ። ስም እስኪወጣላት ተብሎ ቡችላ ተባለች። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት አልፏታል፤ አፏ ዙሪያ ሸብታለች፣ ስሟ ግን ቡችላ እንደሆነ ቀረ።

ማንም አላሠለጠናትም። ግን እትዬን ከቤታቸው እስከ ሱቁ በየቀኑ ጠዋት ይዛቸው የምትመጣው እሷ ናት። እትዬ ማሰሪያዋን በግራ እጃቸው ይዘው የጥፍሯን ኮሽታ አስፋልቱ ላይ እየሰሙ ይከተላሉ። ጉድጓድ ካለ ኮሽታው ወደ ጎን ይላል፣ እትዬም ወደ ጎን ይላሉ። መኪና ከመጣ ኮሽታው ይቆማል፣ እትዬም ይቆማሉ። ሱቁ ሲደርሱ እትዬ ከሰከንድ ጠረጴዛ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ሬዲዮ ይሰማሉ፣ ከደንበኛ ጋር ይጨዋወታሉ፣ እኔን በጣውላው በኩል ይነካኩኛል። ቡችላ ባትኖር እትዬ ቤት ነው የሚውሉት። ቤት መዋል ማለት ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም።

እኔ በበኩሌ የእንስሳ ሰው አልነበርኩም። ውሻ ቤት ይጠብቃል፣ ድመት አይጥ ትይዛለች፣ ከዚያ ያለፈው ቅብጠት ነው ባይ ነበርኩ። ለውሻ ሐኪም ቤት የሚከፍል ሰው ሳይ ምራቄን ውጬ ነው ዝም የምለው።

ባለፈው ዓመት ቡችላ ማሳል ጀመረች። ቀጥሎ ምግቧን ተወች፤ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሣህኗ አጠገብ ዞሮባት ወደቀች። ሰከንድ ዕለቱን ተሸክሟት የእንስሳት ክሊኒክ ሄደ። እኔም ከጉጉት የተነሳ አብሬው ሄድኩ። ነጭ በነጭ የሆነ ቤት ነው፤ ወለሉ ከኔ ጠረጴዛ ይጸዳል። መጀመሪያ ካርድ ይወጣል ተባለና ተከፈለ፣ የታካሚ ስም በሚለው መስመር ላይም «ቡችላ» ተብሎ ተጻፈ። ለልብ አልትራሳውንድ ተከፈለ። ለደም ምርመራ ተከፈለ። ወጣቷ ሐኪም የቡችላ ልብ ከልክ በላይ እንደሚፈጥንና ምቱም ተራውን እንደሚስት አስረዳች። ማዳመጫውን ለሰከንድ ብትሰጠው ጆሮው ላይ አድርጎ ለረጅም ጊዜ ሰማ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። እንዲህ ያለ ሰዓት ቢያመጡለት ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ አይነካም ነበር።

ሐኪሟ በየስምንት ሰዓቱ የሚሰጥ ክኒን አዘዘች። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስምንት ሰዓት፣ ማታ አራት ሰዓት፤ ያለማቋረጥ፣ ዕድሜዋን ሙሉ። የክሊኒኩ መድኃኒት መስኮት ላይ ዋጋው ሲነገረን እኔ ሁለት ጊዜ አስደገምኩ። ሰከንድ ለእትዬ የዓይን ጠብታና ለራሱ የደም ግፊት ክኒን በወር የሚያወጣው ተደምሮ የዚህን ሩብ አያክልም። የሱቁ ኪራይ ነው በቃ። እዚያው ቆሜ የሆዴን ተናገርኩ፤ አሥራ ሁለት ዓመት የኖረች ውሻ ዕድሜዋን ጠግባለች አልኩት። እሱ ግን ገንዘቡን ቆጥሮ ከፈለ።

እትዬ ስንት እንደፈጀ ሲጠይቁት «ከጠብታዎ አይበልጥም» አላቸው። ዓይኑን በጨው አጥቦ ነው የዋሸው፤ እኔም አፌን ይዤ ቆምኩ። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ጋ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ ግን ደግነት መስሎኝ ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ ከፈለ። የትምህርት ቤቶችን የግድግዳ ሰዓት በጅምላ መጠገን ጀመረ፤ ድሮ የሚንቀውን ሥራ ማለት ነው። በጣውላው በኩል የምሳ ሣህኑን ድምፅ መስማት ተውኩ። መክሳቱን አይቼ ብነግረው ቀበቶው ነው የሰፋው አለኝ።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ከመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለችውን ታጣፊ ወረቀት ይዞ መጣና አሳድጊልኝ አለኝ። ዓይኑ ላይ በሚገጥማት አጉሊ መነጽር ሊያነባት ይችል ነበር፤ ግን ዓይኑን ለሥራው ይቆጥባል፣ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን ሁልጊዜ እኔ ነኝ የማሳድግለት። ማሽኑ አራት ትልልቅ ገጽ አወጣው። ገጾቹን ሳስተካክል የመድኃኒቱን ስም አየሁና እጄ ቀጥ አለ።

ያንን ስም ሁለት ዓመት ሙሉ ከሰፈራችን ፋርማሲ ገዝቼዋለሁ። ባሌ ከመሞቱ በፊት ለልቡ የሚወስደው ክኒን ነው። ስሙ በላዩ ላይ ባለው የንግድ ስም ተሸፍኖ ነው እንጂ ያው ራሱ ነው፣ ፊደል በፊደል። ባሌና ውሻ አንድ መድኃኒት እንደሚወስዱ ሲገባኝ መጀመሪያ ተናደድኩ፣ ቀጥሎ ሳቅሁ፣ ቀጥሎ ማሽኑ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ሰከንድ የሚያደርገው ጠፍቶት መሐረብ ብሎ የሰዓት መወልወያ ጨርቅ ሰጠኝ። የሰው ክኒን ዋጋ ከክሊኒኩ አንድ አሥረኛ እንደማይሆን የነገርኩት ፊቴን ሳልጠርግ ነው።

ወደ ሐኪሟ ተመልሶ ካርድ አውጥቶ ጠየቃት። ሴትዮዋ ቅን ናት፣ አልሸሸችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ክሊኒኩ እንዲህ ያለውን ነገር ባይወደውም እንደማይከለከል ነገረችው። ለሰው የሚሰጠው ክኒን ትልቅ ስለሆነ ለቡችላ ከስምንት አንዱ እንደሚበቃት፣ ግን እኩል አድርጎ ለስምንት መቁረጥ ለብዙ ሰው እንደማይሆንለት አስጠነቀቀችው። ሰከንድ ሥራውን ነገራት። ሳቀችና ማዘዣውን ጻፈችለት።

ሲቆርጥ ማየት ነበረባችሁ። ሱቁን ከዘጋ በኋላ ከአንድ ወርቅ ሠሪ የገዛትን ትንሽ ሚዛን ያወጣል፤ ጠረጴዛውን ይወለውላል፤ ክኒኗን በወረንጦ ይዞ በአዲስ ምላጭ ይከፍላታል። አንዱ ቁራጭ ከሌላው የፀጉር ያህል ቢበልጥ ይፍቀዋል። እያንዳንዱን ቁራጭ የሰዓት ዕቃ በሚያስቀምጥባት ትንሽ ፖስታ ከትቶ ቀኑንና ሰዓቱን ይጽፍበታል። ቡችላ ለባሌ እንኳን ያልተደረገ እንክብካቤ ተደረገላት። ሳሏ ለቀቃት፣ ኮሽታዋ ጠነከረ፣ ሰከንድም ምሳውን መብላት ጀመረ። ስምንት ወር ሙሉ ነገር ሁሉ ሰላም ሆነ።

ከዚያ ክኒኑ ከፋርማሲው ጠፋ። ፋርማሲስቱ ደግ ሰው ነው፣ ደንበኛ ባዶ እጁን ሲመለስ አይወድም። ያው መድኃኒት በሌላ ዓይነት መምጣቱን፣ እንዲያውም የተሻሻለ መሆኑን፣ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ እንደሚወሰድ ነገረው። ክኒኑ እንደሚቆረጥ አያውቅም፤ ለውሻ መሆኑንም ረስቶታል፤ ሰከንድም አልነገረውም። ማዘዣ መጠያየቅ በመካከላቸው ከቀረ ቆይቷል።

ሰከንድ በደስታ ነው የተመለሰው። እትዬ ለማታው ክኒን ብለው እስከ አራት ሰዓት እያንጎላጁ መጠበቃቸው ሊቀር ነው። ሆኖም ጠንቃቃ ነውና ታጣፊዋን ወረቀት ይዞ ወደኔ መጣ። ያን ቀን የፈተና መመዝገቢያ የመጨረሻው ቀን ነበር። ሰልፉ ከሱቄ ወጥቶ መንገድ ላይ ደርሷል፣ ማሽኑ ግሏል፣ እኔ ደግሞ ከማሽኑ ብሼ ግያለሁ። ወረቀቱን ሲዘረጋልኝ ቀና ብዬ እንኳን አላየሁትም።

«ሰው አታይም? ነገ ና» አልኩት።

አጥፎ ኪሱ ከተተው። መድኃኒቱ ያው ነው ተብሏል፤ ያው ከሆነ ወረቀቱ ምን አዲስ ነገር ይላል ብሎ አሰበ። ሐኪሟን ልጠይቅ እንዳይል ደግሞ ለአንዲት ጥያቄ ካርድ ማውጣት አለ፤ የካርዱ ዋጋ የአንድ ወር ክኒን ይገዛል። ማታ ሚዛኑን አወጣ። ቡችላ በቀን በሦስት ቁራጭ ትወስደው የነበረውን አሰላና በአንድ ቁራጭ አደረገው። በሚዛኑ ላይ አንዲት ነጥብ አልሳተም፤ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሰጣት።

በማግስቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሱቄን በር እየከፈትኩ ከሩቅ ሲመጡ አየኋቸው። እትዬ አረንጓዴ ሹራባቸውን ለብሰዋል። ቡችላ ቀስ ብላለች። ቆመች። እትዬ ቆሙ፤ መኪና መስሏቸው ነው። ቡችላ ተቀመጠች፣ ከዚያ በጎኗ ተኛች። እትዬ ማሰሪያውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ እንዳዞሩ፣ ኮሽታው እስኪቀጥል ይጠብቃሉ። መኪና የለም። «ቡችላ?» አሉ። ደግመው ጠሯት። ሦስተኛውን ሲጠሩ ድምፃቸው ውስጥ የሰማሁት ነገር እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እየሮጥኩ ሰከንድን ጠራሁት።

ታክሲ ይዘን ሦስታችንም ሄድን። ቡችላ ጭኑ ላይ ናት፤ ድዷ ነጥቷል፣ እግሯ ቀዝቅዟል። ሰከንድ ጣቱን ከብብቷ ሥር አድርጎ የልቧን ምት በእጅ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ ደግሞ ይቆጥራል። ልቧ ሊቆም የደረሰ ያህል ቀስ ብሎ ነበር። ለእትዬ ግን ትንሽ ደክሟት ነው ነው የሚላቸው።

ክሊኒኩ ኮሪደር ላይ እትዬን አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥናቸውና እኔና እሱ ገባን። ሐኪሟ እያዳመጠቻት ምን እንደሰጧት ጠየቀች። ሰከንድ ክኒኑን ከነማሸጊያው ከኪሱ አወጣ፤ ያቺን ታጣፊ ወረቀትም አወጣ። ሐኪሟ አንድ ጊዜ አየችውና ረዳቷን ጠርታ መርፌና ግሉኮስ አዘዘች። እጇ እየሠራ በአጭሩ ነገረችን። ይህኛው ክኒን መድኃኒቱን ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት እንዲለቅ ሆኖ የተሠራ ነው። ቆርጠው ካፈረሱት የቀኑን በሙሉ በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ወረቀቱ ላይም «ሳይቆረጥ፣ ሳይፈጭ፣ ሳይታኘክ ይዋጥ» ይላል፤ በሁለተኛው ገጽ፣ በጥቁር ፊደል።

«ክብደቱ ልክ ነበር» አለ ሰከንድ። ደግሞ ደጋግሞ አለው። ክብደቱ ልክ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን የኖረ ሰው ክኒንም የራሱ ሰዓት ይኖረዋል ብሎ አላሰበም። እኔ ደግሞ «ነገ ና» ያልኩበትን አፌን ብቆርጠው በወደድኩ።

ሐኪሟ ቡችላን ከልብ መከታተያ ማሽን ጋር አገናኝታ፣ ምቱን የሚያሳየውን መስመር ተመለከተችና ወደሱ ዞረች። አልተቆጣችም፤ ቢሆንም ማወቅ ፈልጋለች።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ወደ ሰው ክኒን ሊቀይሩ ሲሉ መጥተው ነበር። ያን ጊዜ ጠይቀውኛል። አሁንስ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ለመጠየቅም ካርድ ይወጣል፣ ዶክተር።»

እንደ ወቀሳ አልነበረም የተናገረው። የሚያውቀውን ነው የነገራት። ሐኪሟ ጆሮዋ ድረስ ቀላች። ዋጋውን የምታወጣው እሷ አይደለችም፤ ሁለታችንም እናውቃለን።

ኮሪደሩ ላይ ስንወጣ ገንዘብ ተቀባይዋ በመስኮቷ ማስያዣ ክፈሉ ብላ ዝርዝሩን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ሥራዋ ነው፤ ልጅቷ ላይ ቂም የለኝም። ካርድ፣ ድንገተኛ፣ መርፌ፣ ግሉኮስ፣ የልብ ክትትል፣ የቀን አልጋ። እያንዳንዱን ከነዋጋው ጠራች። በዚያ ላይ የቡችላን የድሮ ካርድ አውጥታ ያን ሦስት ወር የተገዛውን መድኃኒት እንደገና እናዘጋጅ ወይ ብላ የወሩን ዋጋም ጨመረች። እትዬ ወንበራቸው ላይ ናቸው። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዘንብለው አንድ ቁጥር ሳያመልጣቸው ሰሙ። ሰከንድ ኪሱን ይዳብሳል። የኮፒ ማሽኔን ድራም፣ ያን ቀለሙን ወረቀት ላይ የሚያሳርፈውን፣ ለመቀየር ያስቀመጥኩት ገንዘብ ቦርሳዬ ውስጥ ነበርና አውጥቼ ከፈልኩ። ለውሻ። እኔ።

ሰባት ሰዓት ተኩል ድረስ እዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። እትዬ የቡችላን ማሰሪያ ጣታቸው ላይ ሲጠመጥሙና ሲፈቱ ቆዩ። በመጨረሻ ሐኪሟ ወጥታ የቡችላ ልብ እየተመለሰ መሆኑን፣ ጆሮዋን ማንቀሳቀስ መጀመሯን፣ ግን ለማረጋገጥ እዚያው ማደር እንዳለባት ነገረችን። ሰከንድ ያን ጊዜ ነው የተሰበረው። ከእትዬ ፊት ቁጢጥ ብሎ ሁሉንም ነገራቸው። የመጀመሪያውን ዋጋ፣ ውሸቱን፣ ቁራጩን፣ ፋርማሲውን፣ አዲሱን ክኒን። ሐኪሟን ሊጠይቃት አስቦ ለካርዱ ብሎ መተዉንም ነገራቸው። እኔንም አልከሰሰም፤ «ነገ ና» ያልኩትን እኔ ነኝ የጨመርኩት።

እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ እጃቸው ፊቱን ፈልጎ አገኘው። ጉንጩ ላይ አሳረፉት።

«እሷን ለመጠየቅ ካርድ ይወጣል፣ እሺ» አሉት። «እኔን ለመጠየቅስ ስንት ይከፈላል?»

እጃቸውን ከጉንጩ ሳያነሱ ቀጠሉ።

«አንተን ሳሳድግ የዳቦውን ዋጋ እደብቅህ ነበር። ልጅ ስለነበርክ ነው። እኔ ልጅ አይደለሁም። ውሻዋ የኔ ናት፣ ዓይኗም ዓይኔ ነው። ምሳ እንደማትበላ ሆድህ ሲጮህ እሰማ ነበር፤ ሥራ በዝቶበት ነው ብዬ ዝም አልኩ። እኔ ነኝ ልክ ያልሆንኩት፣ ሳልጠይቅህ የተውኩህ።»

ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው ብያለሁ። እዚያ ኮሪደር ላይ፣ ድመት የያዙ ሰዎች እያዩት፣ ራሱን ጉልበታቸው ላይ አድርጎ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አለቀሰ። እኔም የያዝኩትን መሐረብ ለሱ ልስጠው ወይስ ለራሴ ላድርገው እያልኩ ቆምኩ።

በማግስቱ ካርድ ያወጡት እትዬ ራሳቸው ናቸው፣ ከጡረታቸው። ሐኪሟ ፊት ተቀምጠው እኔም ሰከንድም ያልጠየቅነውን ጠየቁ፤ ቡችላ ምን ያህል ጊዜ ትኖራለች? ሐኪሟ አልሸነገለቻቸውም። በመድኃኒት አንድ ዓመት፣ ዕድለኛ ከሆነች ትንሽ ይጨምራል። ያለ መድኃኒት ሳምንታት። የክሊኒኩና የተቆረጠው ክኒን ልዩነታቸው ምንድን ነው አሉ። ትክክለኛው ዓይነት ከሆነና እጁ ትክክል ከሆነ ልዩነት የለውም ተባሉ። አንድ ዓመት ይበቃኛል፣ ግን የማውቀው ዓመት ይሁን አሉ። የክኒኑ ወጪ ከጡረታቸው እንዲሆን፣ ሰከንድም ምሳውን እንዲበላ እዚያው ፈረዱ።

ሰከንድ ግን ከእንግዲህ አልቆርጥም ብሎ ነበር። ምላጩን ጥሏል፣ ሚዛኑን ሊሸጥ ገዢ ያፈላልጋል፤ ቅስሙ ተሰብሯል። እትዬ አልተከራከሩትም። ኩሽና ገብተው የሽንኩርት ቢላ ይዘው መጡና ክኒኗን በመዳበስ መክተፊያ ላይ አስቀመጡ። ቢላውን ከጣታቸው በላይ ሲያነሱ ሰከንድ ዘሎ ያዛቸው። ያን ማታ ሚዛኑ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰ።

የድሮውን ዓይነት ክኒን ከተማው ማዶ ካለ ፋርማሲ አገኘነው። ሐኪሟ በማዘዣው ጀርባ የራሷን ስልክ ቁጥር ጽፋላቸዋለች፤ ለጥያቄ ብቻ፣ በምሳ ሰዓት፣ ያለ ካርድ። ሰከንድ ሊደውል ያፍራል። እትዬ አያፍሩም፤ ሴትዮዋ ምሳዋን በሰላም እንደማትበላ እገምታለሁ። እኔም ሕግ አውጥቻለሁ። ከሰከንድ እጅ ወረቀት ከመጣ የተሰለፈው ሁሉ ይቆማል። ድራሙ ሳይቀየር ስለቀረ የማወጣለት ገጽ መሐሉ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ይነበባል ግን።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ወሩ ነው። ቡችላ አለች። ቀስ ብላለች፤ ስለዚህ ጠዋት ከቤት የሚነሱት ሩብ ሰዓት ቀድመው ነው። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ሲሞላ በጣውላው በኩል ፖስታ ሲቀደድ እሰማለሁ። እትዬ ምን እንደሆነ ይጠይቁታል። እሱም የክኒኑን ስም፣ ከስንት ስንተኛው ቁራጭ እንደሆነ፣ ከየት እንደገዛው፣ ቁራጯ ስንት እንደምታወጣ አንድ በአንድ ይነግራቸዋል። እትዬ ክኒኗን ተቀብለው ለቡችላ ሊሰጡ እጃቸውን የሚዘረጉት ዋጋውን ከሰሙ በኋላ ነው።